«በዚያ በኩል ይዙሩ» ማለት ላቃታችሁ

ቁራዋን አልወቅስም፤ የእናትነት ሥራዋን ሠርታለች። የምወቅሰው ከሥር ተቀምጣችሁ፣ ስልካችሁን ደግናችሁ ስትጠብቁ የነበራችሁትን ልጆቼን ነው።

ነገሩን ላልሰማ ልንገር። ገርጂ አካባቢ አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ በር ላይ ረጅም ባሕር ዛፍ አለ። ደረቷ ነጭ የሆነ ቁራ ጫፉ ላይ ጎጆ ሠርታ ጫጩት ፈልፍላለች። ቁራ ጫጩት ስትይዝ ከሥሯ የሚያልፈውን ሁሉ በሌባ ዓይን ነው የምታየው። መጀመሪያ ትጮኻለች፤ ካልሰሟት ዝቅ ብላ ከአናት በላይ ታልፋለች፤ ካልራቁላት ከኋላ መጥታ ትመታለች። የግቢው ልጆች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። እያወቁም አጥሩ ሥር ተደርድረው ይቀመጡና ከታክሲ የወረደ መንገደኛ ብቅ ሲል ስልካቸውን ያነሣሉ። ሰውየው ሲደነግጥ፣ ሲሮጥ፣ ፌስታሉን ሲጥል ይቀርጻሉ፤ ማታ ዘፈን ጨምረውበት ቲክቶክ ላይ ይለቁታል። ቁራዋ ዝም ያለች ቀን ደግሞ እንድትቆጣ ድንጋይ ይወረውሩባታል። ባለፈው እሑድ አንዲት እናት ከቅዳሴ ሲመለሱ በዚያው በኩል አለፉ። ቁራዋ ከኋላቸው ወርዳ ነጠላቸውን ስትነካ ሚዛናቸውን ስተው በጉልበታቸው ወደቁ። ልጆቹ ቀርጸው ከጨረሱ በኋላ ነው ሊያነሷቸው የተነሡት።

«እማማ፣ በዚያ በኩል ይዙሩ» ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? አራት ቃል ናት። አፍ የሌላት ወፍ ሳትመታ በፊት ጮኻ አስጠነቀቀች፤ አፍ ያላችሁት ዝም አላችሁ።

ከልጆቹ አንዱን ጠርቼ ብጠይቀው «አባባ፣ ቀልድ እኮ ነው፤ ምንም አልሆኑም» አለኝ። አውስትራሊያ ዘመድ ያላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። እዚያ ማግፓይ የሚሏት ጥቁርና ነጭ ወፍ አለች፤ በጸደያቸው ጫጩት ስትይዝ ብስክሌት የሚነዳውንም፣ እግረኛውንም፣ ተማሪውንም ታሳድዳለች። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ነሐሴ ወር፣ ብሪዝበን ከተማ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን እንደታቀፈች ከዚህች ወፍ ልትሸሽ ስትል ተደናቅፋ ወደቀች፤ የአምስት ወር ሕፃኗም ሞተች። ቀልዱ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ታዲያ የዚያ አገር ሰው ምን ያደርጋል? ማዘጋጃ ቤቱ ወፏ በምትወርድበት መንገድ ላይ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይተክላል። ሕዝቡም «እዚህ ቦታ ተጠንቀቁ» እየተባባለ የሚጽፍበት ድረ ገጽ አለው። የሚጽፈው እናንተ በያዛችሁት ዓይነት ስልክ ነው።

አውስትራሊያ ሩቅ ከሆነባችሁ ቦሌ ቅርብ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ወደቀ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ አለቁ። ያቺ ርግብ በየጣራችን ላይ የምናያት ናት። ዛሬ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ወፍ ሲበዛ ማማው ላይ ያለው ሠራተኛ ለአብራሪው ይነግረዋል። አብራሪው ዘመዱ አይደለም፤ መልኩንም አያውቀው ይሆናል። ያየ ሰው ላላየው ይናገራል፣ በቃ። እናንተ የአውሮፕላኑ ድምፅ ከራሳችሁ በላይ እያለፈ፣ እናቶቻችሁን ሳትነግሩ አሳለፋችሁ።

ይህ ዛሬ ፎቅ የሞላበት የከተማው ምሥራቅ እርሻ ሳለ አያቴ እዚህ ያርስ ነበር፤ እኔም ከብት እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ማረሻው ሊደርስባት ጥቂት ሲቀረው ቆቅ እንቁላሏን ታቅፋ አገኛት። በሬዎቹን አቁሞ፣ ማረሻውን አንሥቶ ዞራት። ይህንን ብዙ ገበሬ ያደርገዋል። አያቴ ግን አልበቃውም፤ በትር ቆርጦ አጠገቧ ተከለና ከአሮጌ ጋቢው ጫፍ ቀዶ አሰረበት። ገርሞኝ «ለምንድነው?» አልኩት። «ነገ ደቦ ነው፤ የሚመጡት ሰዎች አላዩዋትም» አለኝ። ተቆጪ ሰው ነበር፤ ሲስቅ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ያን ዕለት ግን በትሩ በነፋስ እንዳይወድቅ ሥሩን በድንጋይ ሲያስደግፍ የእጁ ቀስታ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ለነገሩ በዚያ ዘመን ንብ ተነሥቶ እያየ፣ በሬ ፈትቶ እየሸሸ «ዞር በሉ!» ብሎ ሳይጮኽ ያለፈ ልጅ፣ አባቱ ከሰማ እራት አይቀርብለትም ነበር።

እናንተ ግን እራታችሁን በልታችሁ ቪዲዮውን ስንት ሰው እንደወደደው ትቆጥራላችሁ።

መጽሐፍ እናምናለን ትላላችሁና ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22ን ግለጡ። በመንገድህ የወፍ ጎጆ ብታገኝ እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አትውሰድ፤ እሷን ልቀቃት ተብሎ ታዟል። ለዚህች ትንሽ ትእዛዝ የተሰጠው ተስፋ መልካም እንዲሆንልህና ዕድሜህ እንዲረዝም የሚል ነው። አሁን ደግሞ አሥርቱ ትእዛዛት ዘንድ ሂዱና አባትና እናቱን ለሚያከብር የተሰጠውን ተስፋ ተመልከቱ፤ እዚያም ዕድሜ ነው። እግዚአብሔር ለወፏ እናትና ለሰው እናት አንድ ደመወዝ ቆርጦ ሳለ እናንተ በአንዲት አጭር ቪዲዮ ሁለቱንም ደፈራችሁ። ሙስሊም ጎረቤቶቼም ነቢያቸው ጫጩቶቿ ተወስደውባት የምትንሰፈሰፍ ወፍ አይተው «ልጆቿን መልሱላት» ማለታቸውን አጫውተውኛል። በየትኛው ደጅ ተጠልላችሁ እንደምትከራከሩኝ አላውቅም።

የወረወራችሁባትን ድንጋይ ነገርም ልጨምር፤ ቁራ የበደላትን ሰው መልክ ትይዛለች። በአሜሪካ፣ ሲያትል፣ ጆን ማርዝሉፍ የሚባሉ የወፍ ተመራማሪ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 አስቀያሚ ጭንብል አጥልቀው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ጥቂት ቁራዎች ያዙ፤ እግራቸው ላይ ቀለበት አስረውም ለቀቋቸው። ከዚያ በኋላ ያን ጭንብል ያደረገ ሰው ሲያልፍ ቁራዎቹ ይንጫጩበት ጀመር። ከዓመታት በኋላ ሳይቀር ይንጫጩበት ነበር፤ ያኔ ያልተያዙትም፣ ገና ያልተፈለፈሉትም ጭምር። እንግዲህ ቁራ ያየችውን ለማታውቀው ታሳውቃለች፣ ለልጇም ታወርሳለች ማለት ነው። የእኛዋም የዚያው ወገን ናት። እናንተ ናችሁ እንጂ ያወቃችሁትን ይዛችሁ የተቀመጣችሁ!

ለሌላው ነገር ብዙ ቃል አላባክንም። ዛፉ ይቆረጥ የምትሉ ኮሚቴዎች፣ ጫጩቶቹ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ በርረው ይሄዳሉ፤ ባሕር ዛፉ ግን በሁለት ወር አይበቅልላችሁም። በዚያ የግድ የሚያልፍ ጃንጥላ ይዘርጋ፤ ወፏ ከኋላ ስለምትመጣ ዞር ብሎ ይያት እንጂ አይሩጥ። ጫጩት መሬት ላይ ብታገኙ እናቷ ቅርብ ናትና አታንሷት፤ መኪና ወይም ድመት የሚያሰጋት ከሆነ ብቻ ቁጥቋጦ ውስጥ አስጠጓት። ከሉካንዳ ስትወጡ ሥጋ ከእጃችሁ የሚነጥቀው ጭልፊት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ርቦት እንጂ ልጁን ሲጠብቅ አይደለም።

ወደ ነገሬ ልመለስ፤ አልጨረስኩምና። «አባባ፣ እኛ ባንናገር ሌላ ሰው ይናገር ነበር» ያለኝም አለ። ማን? ዘበኛው ሌሊት ሠርቶ ተኝቷል፤ የሱቁ ባለቤት ወፏን ከዚያ አያያትም። አጥሩ ላይ ተቀምጣችሁ የምትውሉት እናንተ ናችሁ፤ ሥራ የለንም እያላችሁ ስትማረሩ እሰማለሁ፤ ይኸውላችሁ ሥራ። ሰሌዳ ጽፋችሁ በሩ ላይ ስቀሉ፤ ጠዋትና ማታ ሰው ሲበዛ ተራ ገብታችሁ ቁሙ፤ ሽማግሌ ሲመጣ እጅ ይዛችሁ በጀርባው በር አሳልፉ። ቪዲዮውንም ዛሬ አጥፉት፤ ለሌላ የላካችሁም ካላችሁ ደውላችሁ አስጠፉ።

በአባቶቻችን ጊዜ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። ለእናንተ ድንጋዩ ይቅር፤ ስልካችሁን ቤት አስቀምጡና ሁላችሁም፣ የቀረጸውም የሳቀውም፣ አንድ ላይ ወደ እማማ ሂዱ። ጉልበታቸው ገና ስላልዳነ የትም አይወጡም። ብሎክ ሦስት፣ ምድር ቤት ናቸው፤ በሩን በርታችሁ አንኳኩ፣ ጆሯቸው ትንሽ ይደክማል።