ለቅዳሴ የደረሰ መድኃኒት

ከአንኮበር አካባቢ አንድ አዛውንት ገበሬ ሆዳቸውን ታመው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኙ። በሽታው የጨጓራ ካንሰር ነበር፤ ቀዶ ሕክምናም የማይመልሰው ደረጃ ላይ ደርሷል። ልጆቻቸው ሐኪሙን ወደ ደጅ ጠርተው «አባታችን ልባቸው ይሰበራል፤ እባክህ ዶክተር፣ እንዳትነግራቸው» አሉት።

ሐኪሙ ሞርፊን አዘዘ፤ ሕመሙ ታገሠላቸው። እንቅልፍ ግን እምቢ አላቸው። መጠኑን ሊጨምር ካርዱን አነሣና መልሶ አስቀምጦት አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ።

«አባቴ፣ ቁርጠቱ ነው እንቅልፍ የሚነሳዎት?»

«የለም ልጄ፣ እሱስ ተወኝ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል?»

አዛውንቱ ልጆቻቸው አለመኖራቸውን አዩ። «እንደማልድን አውቄዋለሁ። ልጆቼ እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ዝም አልኩ። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ቀኖናዬንም ፈጽሜአለሁ። ሥጋ ወደሙን ሳልቀበል መሄዴ ነው የሚያስጨንቀኝ። የዋጥኩት ሁሉ ይመለሳል፤ እንዴት ደፍሬ ልቅረብ?»

ሐኪሙ አልሰበከም፤ በማጽናኛ ቃል ሸፍኖም አላለፋቸውም። በማግስቱ የንስሐ አባታቸውን አስጠራ። ጾሙ ከስንት ሰዓት እንደሚጀምር፣ መድኃኒቱ እስከ መቼ ሊወሰድ እንደሚችል፣ ከቆረቡ በኋላ ምን ያህል ሳያስታውኩ መቆየት እንዳለባቸው ጠየቃቸው። ቄሱም ለሕሙም የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ነገሩት። ሐኪሙ የማስታወክ ማቆሚያውን መድኃኒት ለወጠና ሆዳቸው እስኪረጋ ተከታተለ፤ የሞርፊኑን ሰዓት ከቅዳሴው ጋር አስማማ። ልጆቹንም በአባታቸው ፊት አስቀምጦ፣ ሁሉም ለየብቻው የደበቀውን እንዲነጋገሩ አደረገ። እሑድ ጎረቤት ተሰብስቦ አዛውንቱን በቃሬዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው፤ ቆረቡ። ከዚያ ወዲያ ለእንቅልፍ ብሎ መድኃኒት ያዘዘላቸው የለም፤ አላስፈለገምና።

ታሪኩ ምሳሌ ነው። በታሪኩ ውስጥ ቅስናው የቄሱ ነበር፤ ሐኪሙ አልተሻማቸውም። ግን ማስታወኩን ማቆም፣ ሕመምተኛው ነቅቶ የሚናገርበትን ሰዓት መጠበቅ ቄሱ የሚችሉት ሥራ አልነበረም። ከሁሉ በላይ፣ የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑን አስቀድሞ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ ቄስ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ይረፍዳል፤ አንደበት ይያዛል፣ ጉሮሮ አልውጥ ይላል።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ (በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሕሙማን የሚታገዙበትን ተቋም) የከፈተችው የሟች ሕመም ሥጋን፣ አእምሮን፣ ቤተሰብንና ነፍስን አንድ ላይ እንደሚይዝ በማስተማር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2002 እ.ኤ.አ. የማስታገሻ ሕክምናን ሲተረጉም መንፈሳዊ ጭንቀትን ከአካል ሕመም እኩል ተለይቶ መታከም ያለበት አድርጎ አስቀምጦታል። በአገራችንም ከሆስፒስ ኢትዮጵያ ጀምሮ ይህን መንገድ የያዙ አሉ።

የሕመምተኛውን መንፈሳዊ ጭንቀት የመጠየቅ ግዴታ ሃይማኖት አይመርጥም። ከአልዩ አምባ የመጣች ሙስሊም እናት አልጋዋ ወደ ቂብላ እንዲዞርላት፣ የመድኃኒቷ ሰዓት ሶላቷን እንዳያደበዝዝባት ትፈልግ ይሆናል። ሐኪሙ የሚያስፈልጋትን ከእርሷ ይሰማል እንጂ ከራሱ እምነት አይወስድም። «ምን ያስጨንቅዎታል?» የሚለው ጥያቄ ግን ከሙቀትና ከደም ግፊት ጋር በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ አለበት፤ ምላሹን ለመፈጸም ጊዜ ሊተርፍ የሚችለው ያን ጊዜ ነውና።