ማንያዘው መጀመሪያ መቆም ይማር

የእህቴ ልጅ፣ ውሻህ ማንያዘው አጥር ዘሎ የጎረቤት ዶሮ ማባረሩን እናትህ በስልክ ነገረችኝ። አንተም የፈረንጅ ውሾች እንጨት ለእንጨት ሲዘሉ በስልክህ አይተህ፣ ግቢ ውስጥ የባሕር ዛፍ አጣና ተክለህ ልታስተምረው ጀምረሃል አሉ። በዚህስ ደስ ብሎኛል። አንበሳሜ ላይ ውሻ ጠዋት ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፤ ከዚህ ያለፈ ነገር ላስተምረው ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙም አላየሁም። እኔ ጡረታ እስክወጣ ፖሊስ ቤት ከውሻ ጋር ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርህ።

ውሻህ መዝለል አላቃተውም። አጥር የሚያልፍ ውሻ የአንተ አጣና አያስቸግረውም። ያቃተው መስከን ነው። እናትህ እንደምትለው አጣናውን ገና ሲያይ ይጮሃል፣ ይሽከረከራል፣ ገመዱን ይነክሳል፤ ስትለቀው ደግሞ ሁሉንም እየጣለ ያልፋል። አንተም «ፍላጎት አለው» እያልክ የበለጠ ታሟሙቀዋለህ። እኔና አንተ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው።

በደንብ የሚዘል ውሻን ከጎን ሆነህ እየው። ወደ እንጨቱ ሲቃረብ እርምጃውን ያሳጥራል። አንገቱን ትንሽ ዝቅ ያደርግና ርቀቱን በዓይኑ ይለካል። ከዚያ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር ሰብስቦ ይገፋል፤ አየር ላይ ጀርባው ይጎብጣል፣ እግሮቹ ይታጠፋሉ፤ ሲያርፍ ድምፁ ብዙም አይሰማም። የጋለ ውሻ ይህን ሁሉ ይዘላል። እንጨቱን ማለቴ አይደለም፤ መለካቱን ነው የሚዘለው። እርምጃውን ሳያሳጥር ከሩቅ ይነሳል፣ ሰውነቱ ተዘርግቶ ይሄዳል፣ የኋላ እግሩ እንጨቱን ይመታል። ሲያርፍም ክብደቱ በሙሉ የፊት እግሩና ትከሻው ላይ ይወድቃል። አንድ ቀን ምንም አይሆንም፤ ሲደጋገም ግን በሦስት ዓመቱ የሚያነክስ ውሻ ይኖርሃል።

አሠልጣኞቻችን አንድ የቆየ ጥናት ይጠቅሱልን ነበር። የርክስና ዶድሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተሙት ነው። አይጦች ነጩን ሳጥን ከጥቁሩ እንዲለዩ ያስተምሯቸዋል፤ ሲሳሳቱ በኤሌክትሪክ ይነዝሯቸዋል። ልዩነቱ በግልጽ ሲታይ፣ ንዝረቱ በበረታ ቁጥር አይጦቹ ቶሎ ተማሩ። ልዩነቱ ለማየት ሲያስቸግር ግን ቶሎ ያስተማራቸው መካከለኛው ንዝረት ሆነ፤ ከዚያ ያለፈው አዘገያቸው። ለውሻም እንዲሁ ነው፤ ከኋላ ሮጦ ሌባ መያዝ ቀላሉ ዓይነት ነው፣ ግለት ይረዳዋል። እርምጃ ለክቶ እንጨት ማለፍ ከባዱ ዓይነት ነው። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ያሉት አባቶቻችን ይህን ለማወቅ ኤሌክትሪክ አላስፈለጋቸውም።

አሁን ግለቱ ከየት እንደመጣ ፈልግ። ማንያዘው ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ይንጠራራል፣ ሰንሰለቱ ይመልሰዋል። የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በአጥሩ ቀዳዳ «ጃስ!» ይሉታል፤ አብዶ ሲጮህ ይስቃሉ። ማታ ጅብ ሲጮህ ደግሞ አባትህ ራሱ ከውስጥ ሆኖ «ጃስ!» ይለዋል። ያ ውሻ ከሰው አፍ የሰማው ትምህርት ይህ ብቻ ነው፤ የሚሞቅበትን ተምሯል፣ የሚበርድበትን ያስተማረው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ልጆቹን ተው በላቸው። ብስኩት ገዝተህም ቢሆን አስተዋቸው። አባትህን አንተ መምከር አትችልም፣ እሱን ለእኔ ተወው።

ከሰንሰለት ፈትተህ በቀጥታ ወደ አጣናው አትውሰደው። በገመድ ይዘህ ከቤት ውጣ፣ ቀስ ብለህ ሂድ፣ ሳሩን፣ ድንጋዩን፣ የአህያውን ፋንድያ እንደልቡ ያሽትት። ማሽተት ውሻን ያበርደዋል፤ አፍንጫው ሥራ ሲያገኝ እግሩ ይረጋል። ዱላም ተው። ዱላ ይዘህ ያቆምከው ውሻ የሰከነ ይመስልሃል እንጂ ውስጡ እንደጋለ ነው፤ ጆሮው ወደኋላ ተለጥፎ፣ ጭራው ገብቶ ታየዋለህ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ የፈረንጆቹ ቪዲዮ የማይነግርህ አንድ ነገር አለ። የእኛ አገር ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ድንጋይ ሊያነሳ ነው ብሎ ያስባል። ደጋግሞ ተወግሯልና እውነቱን ነው። የወደቀ አጣና ልታነሳ ጎንበስ ስትል ማንያዘው ሸሽቶ ከሄደ «ጠግቧል» አትበል፤ ፈርቶ ነው። ለጥቂት ቀናት ምንም ዝላይ ሳይኖር ሌላ ሥራ ስጠው። ጎንበስ በል፣ ከመሬት እንዳነሳህ ሁሉ ቁራሽ ስጠው፣ ቀና በል። ደግመህ ጎንበስ፣ ደግመህ ስጠው። ጎንበስ ስትል ወደ አንተ መምጣት ሲጀምር ግማሹን መንገድ ሄደሃል። ጎረቤት አይቶ ይስቅ ይሆናል፤ ይሳቅ።

ቀጥሎ አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ፈልግ። የዩሪያው ከሆነ በደንብ እጠበው፣ ይልሰዋልና። ከቤቱ ጥግ አንጥፈው። ማንያዘው ሲረግጠው ቁራሽ ጣልለት፣ ሲተኛበት ጨምርለት፣ አገጩን መሬት ሲያስነካ ደግሞ ቀስ ብለህ ከአፍንጫው ሥር አስቀምጥለት። አትጩህ፣ «ጎበዝ! ጎበዝ!» እያልክ አትዝለል፤ አንተ ከጋልክ እሱም ይግላል። ማዳበሪያው ላይ ትንፋሹ ረዘም ሲል፣ ዳሌው ወደ አንድ ጎን ወደቅ ሲል አንተም ቁጭ በል። ይህን ቤት ውስጥ ሲያውቅ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ግቢው፣ ከግቢው የፎገራ ላሞች ወደሚግጡበት ሜዳ ዳር አውጣው። ከላሞቹ በጣም ራቅ ብለህ ጀምር። በገበያ ቀን መንገድ ዳር ማዳበሪያው ላይ ተኝቶ ሰው ሲያልፍ ማየት ከቻለ፣ ያ ቀን ከማንኛውም ዝላይ ይበልጣል።

ምግቡን በተመለከተ፣ እናትህ የወጥ ትራፊ ልትሰጥህ ትችላለች፤ አትቀበላት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ፤ የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ጾም ሲሆን ቤት ውስጥ ሥጋ ስለማይገኝ አትጨነቅ፤ የጥፍር ያህል የተቆራረጠ ደረቅ ዳቦ ወይም ድርቆሽ ይበቃል። ከዕለት ምግቡ ላይ ቀንሰህ ስጠው፣ አታወፍረው።

ቁራሹ ክፍያ ብቻ ሳይሆን መለኪያም ነው። ሌላ ጊዜ የሚወደውን ቁራሽ አፍንጫው ሥር ስታደርግለት ካላየው፣ ወይም ጣትህን ጭምር ነክሶ ከወሰደው፣ ጋል ብሏል። የዓይኑ ብሌን ሲሰፋ፣ ጩኸቱ ሲቀጥን፣ ምላሱ ጫፉ ሰፍቶ ሲንጠለጠል ተመልከት። እነዚህን ስታይ «አንድ ጊዜ ብቻ ይዝለልና» አትበል። ከአጣናው አርቀው፣ ቁራሹን ሳር ውስጥ በትነህ እያሸተተ ይልቀም፣ ከዚያ ማዳበሪያው ላይ ይረፍ። በዚያ ቀን ሳይዘል ቢገባ ምንም አልጎደለበትም።

አሁን «ቆይ»ን አምጣ። ከአጣናው ፊት አስቀምጠው፣ «ቆይ» በለው፣ አንድ እርምጃ ሂድና ተመለስ፤ ካልተነሳ እዚያው ክፈለው። ቀጥሎ ሁለት እርምጃ። ሲይዝልህ ከአጣናው ማዶ ቆመህ «ዝለል» በለው። ምስጢሩ እዚህ ነው፤ ለዚህ ውሻ ከዳቦው ይልቅ ዝላዩ ራሱ ይጣፍጠዋል። ስለዚህ ዝላዩን የመቆሙ ዋጋ አድርገው። ሳትለው ከተነሳ አትቆጣው፣ አጣናውን ግን አታሳልፈው፤ ወደ ቦታው መልሰህ እንደገና ጀምር። ዝም ብሎ መቀመጥ በሩን እንደሚከፍትለት፣ መጮህና መሽከርከር እንደሚዘጋበት ራሱ ይደርስበታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰለቻል። ፖሊስ ቤትም የመጣ ምልምል ሁሉ ውሻው ግድግዳ ሲዘል ማየት ይፈልግ ነበር እንጂ ሲቀመጥ ማየት የሚወድ አልነበረም።

አጣናውን በምስማር መታኸው አሉ። ዛሬውኑ ንቀለው። ውሻ የሚዘለው እንጨት ሲነካ መውደቅ አለበት፤ የማይወድቅ እንጨት እግር ይሰብራል። ሁለት አጭር ባላ ተክለህ ቀጭን አጣና ላያቸው ላይ ጣል አድርግ፣ በዚህም በዚያም በኩል ቢገፋ የሚወድቅ ይሁን። መጀመሪያ መሬት ላይ አጋድመው፣ እየረገጠ ሳይሆን እየተሻገረ ይለፍ። ቀጥሎ አንድ ስንዝር። ዓመት ሳይሞላው ከክርኑ በላይ አታስዘልለው። በረጅም አጥንቶቹ ጫፍ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ በአብዛኛው ዓመት ገደማ፣ በትልልቅ ውሾች ደግሞ እስከ ዓመት ተኩል ድረስ ቆይቶ ነው የሚደነድነው። ከዚያ በፊት ከተጎዳ እግሩ ሊጣመም ይችላል። ይህን ከመንገርህ በፊት አጥር መዝለሉን አስቁም ማለት ነበረብኝ፤ አጥሩን ከፍ አድርገው፣ ወይም ክፍተቱን በእሾህ ሙላው።

ሜዳ ፍለጋ ወደ ወረታ ወርጄ ፎገራ ላይ ላለማምደው ብትል አልከለክልህም፤ ወሩን ግን ምረጥ። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ነው። ሩዙ ታጭዶ ጥቁሩ መረሬ አፈር ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ የውሻ እግር እስከ ጉልበት ይውጣል፣ እየሮጠ ከገባበት አለቀለት። ሳር የለበሰ ሜዳ ምረጥ፣ አስቀድመህም በእግርህ እየረገጥክ እየው። የሩዝ ገለባ ክምር ላይም አታሳርፈው፤ ለስላሳ ይመስላል እንጂ ያንሸራትታል። ከየካቲት በኋላ ፀሐዩ ይበረታልና ማለዳ ጨርስ። ውሻ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም፣ በማለክለክ ነው፤ የሙቀት ማለክለክና የግለት ማለክለክ ሲደራረቡ ውሻ ሊሞት ይችላል።

በስልክህ ያየኸው የውሾች ዝላይ ውድድር ከየት እንደመጣ ልንገርህ፣ ለነገሩ ይጠቅምሃል። እ.ኤ.አ. በ1978፣ በእኛ በ1970 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ለንደን ውስጥ ክራፍትስ በተባለው ትልቅ የውሻ ትርኢት ላይ የመርሐ ግብር ክፍተት ለመሙላት ተብሎ ነው የተጀመረው። ሐሳቡን የወሰዱት ከፈረስ ዝላይ ውድድር ነው። ዛሬ በዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን ደንብ፣ የትከሻ ቁመቱ 48 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ውሻ የሚዘለው ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። አየህ፣ ያን ያህል ከፍታ አይደለም፤ ማንያዘው ከዚያ በላይ አጥር አልፏል። ከባድ የሚያደርገው ውሻው ያለ ገመድ፣ ጌታው ሳይነካው፣ በሩጫ ላይ እያለ እየሰማ መዞሩ ነው፤ አንድ እንጨት በጣለ ቁጥር 5 የስህተት ነጥብ ይቆጠርበታል።

ፈረስን ካነሳን፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ የመሄድ ዕድል ከገጠመህ ሂድ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ በጊዮርጊስ ዕለት በዓሉን ያከብራል። አንተ ግን ጉግሱን ብቻ አትይ፤ ተራቸውን የሚጠብቁትን ፈረሰኞች እይ። አንዳንዱ ፈረሱን ገና መስመሩ ላይ ሳይደርስ በልጓም እየጎተተ አረፋ ያስደፍቀዋል። ሌላው ከሰው ራቅ አድርጎ በእርምጃ ያዞረዋል፣ አንገቱን ይዳብሰዋል፣ ልጓሙን ላላ ያደርግለታል። የትኛው ፈረስ በቀጥታ ሄዶ ሲታዘዝ እንደሚቆም ራስህ ትፈርዳለህ።

አንድ የቀረኝ የክትባቱ ነገር ነው። ሜዳ የሚውል፣ ማታ ከጅብና ከሰፈር ውሻ ጋር የሚጋጠም ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ መውሰድ አለበት። ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ከመውሰድህ በፊት አፍ መዝጊያ አለማምደው፤ ውስጡ ዳቦ እያደረግክ አፍንጫውን ራሱ ያስገባ። በጨዋታ መካከልም ቢሆን አንተን ወይም ልጆቹን ከነከሰ፣ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ እጠብና ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ጠበሉም ቢሆን ከዚያ በኋላ ይደረሳል። ለፋሲካ ስመጣ አጣናው መሬት ላይ ተጋድሞ፣ ማንያዘውም ማዳበሪያው ላይ ተኝቶ ካገኘሁት፣ አንድ ስንዝሩን አብረን እናነሳለን።