ወንጌልን ሰምቶ ለተወ ሕዝብ

ሰባኪ የሚላከው የክርስቶስ ስም ወዳልተሰማበት አገር ነው ስንል ኖረናል። ይህ አሳባችን መታረም የሚገባው ይመስለናል። እንግሊዛዊው ሌስሊ ኒውቢጊን በኤውሮፓ ዘመን አቆጣጠር በ1936 ለስብከት ወደ ሕንድ ሄዱ፤ በኋላም በዚያው ጳጳስ ሆኑ። በካንቺፑራም ከሂንዱ መነኮሳት ጋር ተቀምጠው የእነርሱን መጽሐፍና የዮሐንስን ወንጌል እየተፈራረቁ ያነቡ ነበር። በ1974 ወደ አገራቸው ተመልሰው በበርሚንግሃም አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግሉ ግን፥ የላካቸው አገር ራሱ ሰባኪ የሚያስፈልገው ሆኖ አገኙት። በ2021 በእንግሊዝና በዌልስ በተደረገው ቆጠራ ክርስቲያን ነኝ ያለው ከመቶ 46 ያህል ብቻ ነው።

የሂንዱው መነኵሴ ይከራከራል፤ የሚከራከርም ይሰማል። የበርሚንግሃሙ ሰው ግን እምነት የየሰው የግል ጉዳይ ነው ብሎ በጨዋነት ያልፋል። ኒውቢጊን ለዚህ ያገኙት መልስ፥ እንዲህ ላለው ሰው ወንጌልን የሚተረጕምለት በወንጌል የሚኖር ማኅበረ ምእመናን ነው የሚል ነበር።

በሃይማኖት ከእርሳቸው ብንለይም ይህን ቃላቸውን እንቀበላለን። በለንደን ባሉት አብያተ ክርስቲያናችን ቅዳሴው በሰዓቱ ይደርሳል፤ ምእመናኑም ነጠላቸውን ለብሰው በዚያው ጎዳና ያልፋሉ። በር ላይ ቆሞ ለሚያየን ጎረቤት ግን በውስጥ ስለ ማን እንደምንጸልይ ነግረነው እናውቃለንን?