ስፍራና ስም

የአንድ ነገር ክፍል ማንነቱን የሚያገኘው ከተቀመጠበት ስፍራ ነው ወይስ ከተጠራበት ስም የሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ፈላስፎችን ሲያከራክር የኖረ ቢሆንም፣ ዛሬ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ብዙም ሳያስቡበት በየዕለቱ መልስ የሚሰጡበት ጉዳይ ሆኗል። መልሳቸው በግልጽ የሚታየውም ቱፕል በሚባለው ነገር ላይ ነው። ቱፕል ማለት ጥቂት ዋጋዎች በተወሰነ ቅደም ተከተል ታስረው እንደ አንድ ነገር የሚያዙበት ጥምረት ሲሆን፣ ተራው ቱፕል ለክፍሎቹ ስም ስለማይሰጥ እያንዳንዱ ዋጋ የሚለየው በተራ ቁጥሩ ብቻ ነው።

ስፍራ ብቻውን ደካማ ምስክር ነው። 9 እና 38.7 የተባሉት ሁለት ቁጥሮች፣ የመጀመሪያው ኬክሮስን ማለትም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለውን ርቀት፣ ሁለተኛው ደግሞ ኬንትሮስን ማለትም ከግሪንዊች መሥመር ወደ ምሥራቅ ያለውን ርቀት በዲግሪ ሲያመለክቱ አዲስ አበባን ያሳያሉ፤ ተራቸው ቢገለበጥ ግን ከሰርዲንያ ደሴት በስተ ደቡብ ካለው ባሕር ውስጥ ይጥላሉ። ስሕተቱ የሩቅ ግምት አይደለም፤ በተለመደው አነጋገር ኬክሮስ ሲቀድም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 መደበኛ ሆኖ የወጣው ጂኦጄሰን የተባለው የካርታ መረጃ አጻጻፍ ግን ኬንትሮስን ያስቀድማልና።

ለዚህ ድካም መድኃኒት ሆኖ የመጣው፣ እያንዳንዱ ክፍሉ ወይም በሙያው አጠራር ፊልዱ ስም የተሰጠው ቱፕል ነው። ፓይተን የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው 2.6ኛ እትሙ ይህን ሲያስገባ ስሙን በስፍራው ላይ ደረበው እንጂ ስፍራውን አልሻረም፤ ስለዚህ ያው ዋጋ «ኬክሮስ» ተብሎም «የመጀመሪያው» ተብሎም ሊጠራ ይችላል። ከዚህ ድርብነት አንድ አስገራሚ ውጤት ይከተላል። ክብደቱ 9 ኪሎ፣ የሰውነቱ ሙቀት 38.7 ዲግሪ የሆነ ትኩሳት የያዘው ሕፃን መረጃ «ክብደት» እና «ሙቀት» በሚሉ ስሞች በሌላ ቱፕል ቢመዘገብና ከአዲስ አበባው ቱፕል ጋር እኩል መሆኑ ቢጠየቅ፣ ፓይተን ያለ ማመንታት እኩል ናቸው ብሎ ይመልሳል። ሲ ሻርፕ የተባለው ቋንቋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 7.0 እትሙ ከዚህ አልፎ ሄዷል፤ የፊልዶቹን ስም የሚያውቀው ጽሑፉን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚለውጠው ኮምፓይለር እንጂ ፕሮግራሙ ሲሠራ ዋጋው ራሱ ስሙን ተሸክሞ አይዞርም።

ፕላቶ «ክራቲሎስ» በተባለው ድርሳኑ ሁለት ተከራካሪዎችን ያቀርባል፤ ሄርሞጌኔስ ስም የሰዎች ስምምነትና ልማድ ብቻ ነው ሲል፣ ክራቲሎስ ግን እያንዳንዱ ነገር ከባሕርዩ የመነጨ ትክክለኛ ስም አለው ይላል። ከላይ የተጠቀሱት ሁለቱ ቋንቋዎች የሄርሞጌኔስ ደቀ መዛሙርት መሆናቸው ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ፓይተን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ዳታክላስ የተባለ ሌላ አሠራር ጨምሯል፤ በዚህኛው ሁለት ነገሮች ዋጋቸው አንድ ቢሆንም እንኳ የዓይነታቸው ስም ከተለያየ እኩል አይባሉም፤ ይህም፣ ቢያንስ በዓይነት ስም ረገድ፣ ለክራቲሎስ የተሰጠ ዘግይቶ የመጣ ካሳ ሊባል ይችላል።

ስፍራ ከስም ይልቅ እውነተኛ ነው፣ ስም ከውጭ የሚለጠፍ ነው የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን የሒሳብ ሊቁ ካዚሚየርዝ ኩራቶቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1921 እንዳሳየው፣ ቅደም ተከተል ያለው ጥንድ ቅደም ተከተል ከሌላቸው ስብስቦች ሊሠራ ይችላል፦ አንደኛው ስብስብ የመጀመሪያውን አባል ብቻ፣ ሌላው ደግሞ ሁለቱንም አባላት ይይዛል፤ ብቻውን የተገኘውም «ቀዳሚ» ይባላል። ኩራቶቭስኪ ይህን ቢገለብጠውና ብቻውን የቆመውን «ተከታይ» ብሎ ቢጠራው ሒሳቡ አንዳች አይጎድልበትም ነበር። እንግዲያው «የመጀመሪያው» የሚለው ራሱ ስም ነው፤ ስፍራም ብዙ ሰው የተስማማበት ጥንታዊ ስያሜ እንጂ ከስያሜ በፊት የነበረ ነገር አይደለም። የግዕዝ ፊደል መምህራን ይህን ሳይከራከሩበት ያውቁታል፤ ከመጀመሪያው ከግዕዝ በቀር ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እያለ እስከ ሳብዕ የሚሄደው የፊደላቱ ስም የተራ ቁጥር ነውና።

የአማርኛ ሰዋስውም በዚህ ክርክር ውስጥ ወገን አለው። «ካሳ አለሙን ጠራው» እና «አለሙን ካሳ ጠራው» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች የቃላቱ ተራ ቢለዋወጥም ጠሪው ካሳ፣ ተጠሪው አለሙ መሆናቸው አይናወጥም፤ ተሳቢውን የሚለየው ስፍራው ሳይሆን በመጨረሻው የተቀጠለው «ን» ነውና። ይህ ቅጥያ የፊልድ ስም የሚሠራውን ሥራ ይሠራል ማለት ይቻላል፤ እንግሊዝኛ ግን ይህን ሥራ በአብዛኛው ለቃላት ተራ ትቶታል።

ከዚህ ሁሉ ስም ሁልጊዜ ከስፍራ ይሻላል ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ይሆናል። «አልማዝ ተስፋዬ» የሚለው የኢትዮጵያዊት ስም ተራ ቱፕል ነው፤ የመጀመሪያው የራሷ፣ ሁለተኛው የአባቷ ስም መሆኑን የአገሩ ሰው ያለ ምንም ጽሑፍ ያውቀዋል። ይኸው ስም አሜሪካ ወይም አውሮፓ ደርሶ በመንግሥት ቅጽ ላይ ሲሞላ፣ ሁለተኛው ክፍል «የቤተሰብ ስም» የሚል ፊልድ ውስጥ ይገባል፤ ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ሐሰት ይሆናል። ልጇ የአባቱን ስም ይዞ ሲመዘገብም፣ በቅጹ ዓይን እናትና ልጅ የሁለት ቤተሰብ ሰዎች ይሆናሉ። ስም የሌለው ስፍራ ይህን ስሕተት ሊሠራ አይችልም፤ ስለ ዋጋው የሚናገረው ነገር ስለሌለ የሚዋሸውም የለውምና።