የዓይን ጾም
ከፊልም ወደ እጅ ስልክ ስለ ተሻገረው ፎቶግራፍ የቀረበ ሐሳብ

እንጀራ ያጣ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ቢውል «ተራበ» ይባላል እንጂ «ጾመ» አይባልም። ጾም ጾም የሚሆነው ማዕዱ ቀርቦ፣ እጅም መዘርጋት እየቻለ፣ ሰው ለሚበልጥ ፍቅር ሲል በፈቃዱ ሲተው ነው። ይህን የታወቀ ልዩነት ዛሬ ብዙ ሰው በኪሱ ይዞት ወደሚዞረው ካሜራ ስናመጣው አንድ ጥያቄ ያስነሣብናል። በፊልም ዘመን ለደስታው ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው በጥቂቱና በጥንቃቄ ያነሣ ነበር፤ ዛሬ በስልኩ ያለ ቁጥር ያነሣል። ታዲያ የቀድሞው ሰው ከዛሬው ይልቅ ራሱን የሚገዛ ነበርን? ወይስ የተራበ ብቻ ነበር?

ክቡራን አንባብያን፣ ነገሩን ለመመዘን አስቀድመን የሆነውን እናስታውስ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ፎቶግራፍ በ1839 በፓሪስ ለዓለም በይፋ ሲገለጥ የባለ ሙያና የባለጸጋ ሥራ ነበር። ተራው ሰው ለደስታው ማንሣት የቻለው አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ኮዳክ የተባለውን ቀላል ካሜራ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። ካሜራው 100 ምስል የሚወስድ ጥቅል ተሞልቶበት በ25 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ባለቤቱ ጥቅሉን ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከዋል፤ ፋብሪካውም ምስሎቹን አጥቦና አትሞ፣ አዲስ ጥቅል ሞልቶ ይመልስለታል። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው ካሜራ በ1 ዶላር ወጣ። በ1925 በጀርመን አገር ላይካ የተባለችው ትንሽ ካሜራ ለሽያጭ ስትቀርብ፣ በ1934ም ኮዳክ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በተዘጋጀ ቆርቆሮ አድርጎ መሸጥ ሲጀምር፣ በዕድሜ ገፋ ያልነው የምናውቀው ሥርዓት ቀስ በቀስ ተደላደለ፤ በአንድ ፊልም 24 ወይም 36 ምስል፣ ቀጥሎም ጨለማ ክፍል፣ ማጠቢያ፣ ኔጋቲቭና የታተመ ወረቀት።

በአገራችን ከተሞችም ይኸው ሥርዓት ነበር። ካሜራ የነበረው ጥቂት ሰው ነው፤ የሌለው ወደ ፎቶ ቤት ይሄዳል፤ ያለውም ቢሆን ለፊልሙ ይከፍላል፣ ለማጠቢያው ይከፍላል፣ ለማተሚያውም ይከፍላል። ስለዚህ ለልጅ ክርስትና፣ ለመጀመሪያ ቁርባን፣ ለሠርግ ወይም ለምረቃ ካሜራውን ይዞ የተጠራ ሰው 36ቱን ምስሎች ገበሬ ዘሩን እንደሚቆጥብ ይቆጥባቸው ነበር። ከመጫኑ በፊት ብርሃኑን ይመለከታል፤ ሽማግሌዎችን ከመካከል ያስቀምጣል፤ ሕፃናትን ከፊት ያሰልፋል፤ የጎደለ ሰው ካለ ይጠራል። የተነሣው ምስል መልካም ይሁን አይሁን የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ስለሆነም ትዕግሥት የሥራው አንድ ክፍል ነበር።

ይህን ሥርዓት የሻረው መሣሪያ በዚያው በኮዳክ ቤት መወለዱ የሚያስደንቅ ነው። በ1975 ስቲቨን ሳሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ያለ ፊልም የሚሠራ ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል፣ ምስሉም ጥቁርና ነጭ ሆኖ 10,000 ነጥቦች ብቻ ነበሩት፤ አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። በ1997 ፊሊፕ ካን የተባለ የኮምፒዩተር ባለ ሙያ አዲስ የተወለደች ልጁን ምስል ከሐኪም ቤት በስልክ አማካይነት ለወዳጆቹ አደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ካሜራ ያላቸው ስልኮች በጃፓን ገበያ፣ ኋላም በዓለም ሁሉ ተሠራጩ። በ2009 ኮዳክ ከ1935 ጀምሮ የታወቀበትን ኮዳክሮም ፊልም አቆመ፤ በ2012ም ኩባንያው ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ለማግኘት ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ምስል ከወርቅ ወደ ውኃ ተለወጠ ማለት ይቻላል፤ ውድ የነበረው ዋጋ የሌለው ሆነ።

ከቁጥሩም ይልቅ ትልቁ ለውጥ የምርጫው ስፍራ መዛወሩ ነው። ባለ ፊልሙ ሰው የሚመርጠው ከመጫኑ በፊት ነበር፤ ባለ ስልኩ ግን አስቀድሞ ይጭንና ምርጫውን ለኋላ ያሳድረዋል። ኋላም መምረጥ ዋጋ ስለማያስከፍል፣ አለመምረጥም ስለማያስከፍል፣ ምርጫው ከቶ ሳይፈጸም ይቀራል። በአንድ የክርስትና በዓል የተነሡት መቶና ሁለት መቶ ምስሎች ካለፈው ሳምንት ደረሰኝና ከጓደኛ ከተላከ ቀልድ ጋር ተቀላቅለው በስልኩ ውስጥ ይቀመጣሉ። ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅም አብረው ይጠፋሉ።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ስላለፈ ብቻ ማወደስ ትክክለኛ ፍርድ አይሆንም። በፊልም ዘመን እጅን የሚይዘው ሕሊና ሳይሆን ኪስ ነበር። ኪሱ ባዶ የነበረው ሰው ምን ቀረለት? ከመካከላችን የአያቱን ፊት የማያውቅ ብዙ ነው። አንድ ሽማግሌ ሲያርፍ በቤቱ ሌላ ምስል ስላልተገኘ ለመታወቂያ የተነሣው ጉርድ ፎቶግራፍ እንዲያጎላ ለፎቶ ቤት ተሰጥቶ ለቅሶው ላይ የቆመበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዛሬ በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምታገለግል እናት የልጇን ጥርስ ማብቀል በስልኳ ታያለች። በትንሽ ከተማ የሚኖር ወጣትም መምህርና ገንዘብ ሳይኖረው የጧትን ብርሃን ከቀትር ብርሃን መለየት ይማራል፤ ስሕተቱን ወዲያው አይቶ ወዲያው ያርማልና። ይህ ሁሉ በረከት ነው። የድኻን ረኃብ «ጾም» ብሎ ማመስገን በድኻው ላይ መቀለድ ይሆናል።

ግሪካዊው ፈላስፋ አርስቶትል፣ እርሱንም ተከትሎ ቅዱስ ቶማስ አኩይናስ፣ በጎ ምግባር በምርጫ ላይ የቆመ ልማድ መሆኑን አስተምረዋል። ሰው ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ባለማድረጉ ምስጋና አይገባውም። በዚህ ሚዛን ሲታይ የእጅ ስልክ ጨዋነታችንን አልወሰደብንም፤ በፊልሙ ማለቅ ይሸፈን የነበረውን አለመምረጣችንን ግን ገለጠብን። ማዕዱ ተዘርግቷል፤ ስለዚህ አሁን፣ ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓይን መጾም ይችላል። ጾም የአፍ ብቻ ሳይሆን የዓይንም የጆሮም የአንደበትም መሆኑን አባቶቻችን ሲያስተምሩን ኖረዋል፤ ትምህርቱ ለዘመናችን የተዘጋጀ ይመስላል።

«ዓይን ስለ ምን ይጾማል? ምስል ማንንም አይጎዳም፤ ምንም አያስወጣም» የሚል ይኖራል። መልሱ ምስል ከባለ ምስሉ ጋር ባለው ዝምድና ላይ ይገኛል። በ787 የተሰበሰበው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ ቅዱሳት ሥዕላት እንዲከበሩ ሲወስን፣ ለሥዕሉ የሚቀርበው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ እንደሚያልፍ አስረድቷል። ጉባኤው የተናገረው ስለ ቅዱሳት ሥዕላት እንጂ ስለ ፎቶግራፍ አይደለም። ነገር ግን የእናቱን ምስል መሬት ላይ ወድቆ ሲረገጥ ያየ ሰው የሚሰማውን ሕመም ብናስብ፣ ይህ ዝምድና በተራ ምስልም እንዳለ እንረዳለን። ክብር በምስል በኩል ወደ ሰው የሚያልፍ ከሆነ ውርደትም በዚያው መንገድ ያልፋል።

ይህም ከሁሉ በፊት በድኾችና በሕሙማን ላይ ይታያል። ለተቸገረ ሰው አንድ ብርድ ልብስ ሲሰጥ፣ ተቀባዩ ፊቱን ወደ ስልኩ እንዲያዞር ሲጠየቅ እናያለን። በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ ቱቦው ሳይነቀል ይነሣል፤ በለቅሶ ቤት ፊቷን የነጨች ሴት ትነሣለች። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ምጽዋት በስውር እንዲሆን፣ ግራ እጅ እንኳ የቀኙን ሥራ እንዳታውቅ አዟል። በቀድሞው ዘመን ምስኪኑን ሰው የፊልም ውድነት ይጠብቀው ነበር፤ ዛሬ ከኛ ሕሊና በቀር የሚጠብቀው የለም። የተነሣውም ምስል እንደ ኔጋቲቭ በመሳቢያ አይቀመጥም፤ አንድ ጊዜ ከተላከ ሊመለስ አይችልም። የሚቀበለውን የማያስመርጥ ችግር ላይ ያለ ሰው «እሺ» ቢልም፣ ያ «እሺ» በነጻ ፈቃድ የተሰጠ መሆኑን መጠራጠር የእኛ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ በፊታችን ያለውን ጸጋ ስለ መቀበል ነው። በ2025 ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 2017 በሰጡት ትምህርት፣ በመሥዋዕተ ቅዳሴ ካህኑ ልባችንን ወደ ላይ እንድናነሣ እንደሚጋብዘን፣ ስልክ እንድናነሣ ግን እንደማይጋብዘን ተናግረው ነበር። ስልክ የሚያነሡት ምእመናን ብቻ ሳይሆኑ ካህናትና ጳጳሳትም ጭምር መሆናቸው እንዳሳዘናቸውም አልሸሸጉም። በ2013 እርሳቸው በተመረጡበት ምሽት በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረው ሕዝብ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚታይበት ፎቶግራፍ፣ በ2005 የቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ አስከሬን ሲሸኝ ከተነሣው ሌላ ፎቶግራፍ ጋር እየተነጻጸረ በዓለም ተሠራጭቷል። ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም፤ አንዱ የሐዘን፣ ሌላው የደስታ ሰዓት ነበርና። ሆኖም በስምንት ዓመት ውስጥ የሰው እጅ ልማድ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ያሳያል።

መልካሙን ሰዓት ይዞ የማስቀረት ምኞት ግን ስልክ ያመጣው አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስ በደብረ ታቦር የጌታን ብርሃን ባየ ጊዜ ሦስት ዳስ ለመሥራት አስቦ ነበር። ምኞቱ ከፍቅር የመነጨ ነበር፤ ነገር ግን ከደመናው የመጣው ድምፅ ልጁን እንዲሰሙት አዘዘ፤ ከተራራው ሲወርዱም ታሞ የሚሠቃይ ልጅና የጨነቀው አባት ይጠብቋቸው ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ከተራራው ይዘው የወረዱት በልባቸው የቀረውን ነው። እመቤታችንም ያየችውንና የሰማችውን በልቧ ትጠብቀው እንደ ነበር ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል።

እዚህ ላይ የአንዲት እናት ነገር ይታሰበናል። የሕፃን ልጇን ምስል በቀን ሃያ ጊዜ ብታነሣ መጠን አለፈች እንላለን? አንልም። የሚወድ ሰው ደጋግሞ ያያል፤ ጾምም በጉርሻ ቁጥር አይለካም። ሚዛኑ ምስሉ የተነሣው ለማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። እናት ለልጇና ለአባቱ ታነሣለች፤ ልጁ አድጎ ለሚያይበት ቀን ታስቀምጣለች። ያው ምስል የልጁ ዕርቃን ወይም ዕንባ ሳይሸፈን ለማያውቁት ሰዎች ዓይን ሲቀርብ ግን የተነሣው ለሌላ ነገር ሆኗል፤ ልጁም ገና አንደበት ስለሌለው መከልከል አይችልም።

በቅርብ ዓመታት አንዳንድ ወጣቶች፣ ዲጂታል በእጃቸው ሳለ፣ ወደ ፊልም ካሜራ ሲመለሱ ይታያሉ። ከፊታቸው ያለው ያው 36 ምስል ነው፤ ለአባቶቻቸው ችግር የወሰነው ቁጥር ለእነርሱ ግን በፈቃድ የተቀበሉት ወሰን ሆነ። ፊልም የማይገኝለትም ይህን ማድረግ ይችላል። ወደ በዓል ሲሄድ «ዛሬ አሥር ምስል ይበቃኛል» ብሎ መወሰን፤ ከማንሣት በፊት ሰውየውን በዓይኑ አይቶ ፈቃዱን መጠየቅ፤ ማታ ተቀምጦ መልካሙን መምረጥና ሌላውን መሰረዝ፤ ከተመረጡትም በዓመት ጥቂቱን አሳትሞ ለአያት፣ ለክርስትና አባት፣ ለጎረቤት በእጅ መስጠት። የታተመ ምስል የሚቀበለው ሰው ስላለው ስጦታ ነው፤ ቤተ ሰብም በአንድ አልበም ዙሪያ ሲሰበሰብ የሞቱትን እየጠራ ይጸልይላቸዋል።

ለሙያ ሳይሆን ለደስታው ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው «አማተር» ይባላል። ቃሉ የመጣው ከላቲን ሲሆን ትርጉሙ «ወዳጅ፣ አፍቃሪ» ማለት ነው። ስሙ ግዴታውን ይናገራል፤ ወዳጅ የሚወደውን አያዋርድም፣ ሳያስፈቅድ አይወስድም፣ የሰጡትንም ጥሎ አይረሳም። ምናልባት በመጪው ጾም ከምግቡ ጋር አንድ ነገር ብንጨምር መልካም ነው፤ ልናነሣው በቻልነው አንድ ፊት ፊት ስልኩን በኪሳችን እንዳለ ትተን፣ ሰውየውን ብቻ እንመልከተው፤ ስሙንም እንጠይቀው።