የቀረው ኩላሊት

በሕይወት ያለ ሰው ከሁለቱ ኩላሊቶቹ አንዱን ለሌላው ቢሰጥ አካሉን ያጎድላልን? እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ፣ ሮናልድ ሄሪክ ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ኩላሊቱን ከመስጠቱ አስቀድሞ ሐኪሞቹ ይህንኑ የሃይማኖት አባቶችን ሳይቀር ጠይቀው ነበር። ከዚያ በኋላ ተቀባዩ 8 ዓመት፣ ሰጪው 56 ዓመት ኖሩ።

የቀረው ኩላሊት አዲስ ማጣሪያ አያበቅልም፤ ያሉት ጥቃቅን ማጣሪያዎች ግን ይሰፋሉ፤ ሁለቱ ይሠሩት ከነበረውም ከመቶ 70 ያህሉን ብቻውን ይሠራል።

እንግዲህ መጉደሉ እውነት ነው፤ ጉድለቱ ግን ጥፋት አይደለም። «ምንም አይጎድልብህም» ብለን ዘመድን ብንገፋፋ ሐሰት እንናገራለን፤ «ራስህን ታጠፋለህ» ብለን ብንከለክለውም እንበድለዋለን። ስጦታ የሚባለው ሰጪው ሸክሙን ዐውቆ፣ በነጻ ፈቃዱ ሲቀበለው ነው።