ጾመኛና ጦም አዳሪ

ረቡዕ ቀን ደሴ ውስጥ በሁለት ቤቶች ሽሮ ይሠራል። አንደኛው ቤት ሥጋና ወተት ፍሪጅ ውስጥ እያለ ስለ ጾሙ ትቶታል። ሁለተኛው ቤት ትናንትም ሽሮ በልቷል፤ ፍስክ ሲሆንም የሚበላው ሽሮ ነው። ገበታው አንድ ዓይነት ነው። የሁለተኛው ቤት ሰው ግን ጾመ ይባላል?

ወደ መልሱ ከመሄድ በፊት ለሽሮው ክብሩን መስጠት ይገባል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባቱ አጽዋማት ሲደመሩ ምእመኑን በዓመት 180 ቀን ገደማ፣ ሁሉንም የሚጾመውን ደግሞ እስከ 250 ቀን ከጥሉላት ያርቁታል። በየዓመቱ ይህን ያህል ቀን ሕዝብ ያኖረ ማዕድ ባዶ ሊሆን አይችልም። ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል በማሽላና በስንዴ ያንሳል፤ ሽንብራ፣ ምስርና ባቄላ ይሞሉታል። ጥራጥሬው የሚያንሰውን ሌላ የፕሮቲን ክፍል፣ ሜቲዮኒንን፣ ደግሞ እህሉ ይሰጣል። የእንጀራው ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል። ጎመን ላይ የተጨመቀ ሎሚ ወይም ከሽሮው ጋር የተበላ ጥሬ ቃሪያ ሰውነት ብረቱን በተሻለ እንዲወስድ ያግዛል፤ ከምግቡ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ያንን ይቀንሳል። ቡናውን አንድ ሰዓት ማዘግየት ሳንቲም አይጠይቅም።

ደሴና ኮምቦልቻ ለዚህ ማዕድ የታደሉ ናቸው። ከደሴ ዙሪያና ከኩታበር ደጋ ባቄላና አተር፣ ከቃሉ በኩል ማሽላና ጤፍ ይመጣል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ብቻ ነው።

ሌላም ጸጋ አለ። በወሎ ሰርግ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ከብት በየራሱ ይታረዳል፤ ወጡም በየራሱ ድስት ይሠራል፣ በየራሱ ይቀርባል። ክኩ፣ ሽሮውና ጎመኑ ግን ማንንም ከማንም አይለይም። ጎረቤታሞች ሳይሳቀቁ ከአንድ ትሪ የሚጎርሱት በዚህ በርካሹ ምግብ ላይ ነው።

ምስጋናው ግን ድህነትን ወደ ማሞገስ መሄድ የለበትም። ለዚህ ማስረጃ ጓያ ይበቃል። ጓያ ድርቅ ይችላል፤ ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይተርፋል፣ ሽሮውም ርካሽ ነው። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደውም አይድንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በወሎ ደጋ ብዙ ሰው የተጎዳው እንዲህ ነው። መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልም አደጋውን ይቀንሳል። መቀላቀያው እህል ግን የሚገኘው በገንዘብ ነው። ለድሃ የሚሰጥ የአመጋገብ ምክር ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው የጎደለው እውቀት ሳይሆን ምርጫ ነው።

ይህን ለዓለም ካስተማሩት ቦታዎች አንዷ ራሷ ደሴ ናት። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ ጥናቱ የ1965ቱን የወሎ ረሃብ መርምሯል። ሰው በመንገድ ዳር ሲረግፍ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የሚጠበቀውን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። ሰብሉና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ የሚገዛበት ስላልነበረው ለገበያው እንደሌለ ተቆጠረ። እህል ያለበት አገር ውስጥ ሰው ሊራብ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ ጥቂት ነው። በሐምሌ 2009 በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለተቀጠረች ወጣትም ጥያቄው ያው ነው፤ ምስር መኖሩ ሳይሆን ከቤት ኪራይ የተረፈው ደመወዝ ምስር መግዛቱ ነው።

ታዲያ የሁለተኛው ቤት ሰው ጾሟል? ጾም ፈቃድ ነው፤ የሚተወው ነገር የሌለው ሰው ምንም አልተወም። ይህ እሱን የሚያሳንስ መልስ አይደለም፤ ጥያቄውን ወደ አንደኛው ቤት ያዞረዋል። ጥንት ወደ ግዕዝ የተተረጎመውና የግዕዙ ቅጂ በ1860 እ.ኤ.አ. የታተመው የሄርማስ «ኖላዊ» የተባለው መጽሐፍ ጾመኛውን ሒሳብ ያሠራዋል፦ በዚያ ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልተህ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ ስጥ ይለዋል። ነቢዩ ኢሳይያስም ጾምን እንጀራ ከመቁረስ አይለየውም። በእስልምናም በማይድን ሕመም ወይም በእርጅና መጾም ያልቻለ ሰው ስለ እያንዳንዱ ቀን ድሃ ያበላል፤ ዘካተል ፊጥርም ከኢድ ሶላት በፊት በነፍስ ወከፍ ከሚበላው እህል ይሰጣል። በሁለቱም ሃይማኖት ጾም ከድሃው ገበታ ጋር የተሳሰረ ነው። ሳይከፈል የቀረ ትርፍ ከጾም ይልቅ ቁጠባ ይሆናል።

ጾሙ ከማንም በላይ የሚጎዳው ግን ሕፃናትን ነው። ሕፃን መጾም የለበትም፤ ሆኖም በጾም ወቅት በብዙ ቤት እናቲቱ ዕቃው እንዳይነካባት ስትል ወተትም እንቁላልም ወደ ማድቤት አይገባም፤ ልጁ ሳያውቀው ከቤቱ ጋር ይጾማል። ጡት እየጠባ ገና ምግብ የጀመረ ሕፃን ግን ሽሮ ብቻውን አይበቃውም። በሁዳዴ ደግሞ ፈላጊ ስለሚቀንስ የእንቁላል ዋጋ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፤ አቅም ለሚያጥራት እናት ጥሩው ጊዜ ያ ነው። ለልጁ ለብቻው አንዲት ትንሽ ድስት መለየት ጾሟን እንደማያፈርስ የንስሐ አባቷ ሊነግሯት ይገባል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በረመዳን ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች ማፍጠር እንደሚፈቀድላትም ኢማሙ ቢደግሙላት መልካም ነው። የሁለቱም ምክር የሚጠቅመው ሰው አስቤዛውን ማስላት በሚጀምርበት፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ከተነገረ ነው።